ወተቱ የገነፈለበት ዘፈን

ትንሿ መብራት አሁንም ብርቱካናማ ናት። ብልጭ፣ ድርግም። ብልጭ፣ ድርግም።

«እምቢ አለች!» አለ ትንሹ ወንድሟ፣ ሳሎን ላሉት ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም በሚበቃ ድምፅ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማውራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ስለዚህ ቤተሰቡ ሁሉ «ማይክ» ይለዋል።

«አይቻለሁ። ዓይን አለኝ።»

«ሦስተኛ ሙከራሽ ነው እኮ!»

«ማይክ፣ ሶኬትህን እንዳልነቅለው!»

አያታቸው ከመስኮቱ ስር፣ የስፌት መኪናቸው ላይ እንዳጎነበሱ ሳቅ አሉ። «ችኮላ፣ ረጋ በይ እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚባለው» አሏት። ችኮላ የቤት ስሟ ነው። በስምንተኛ ወሯ ስለተወለደች ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላትም ስሙ አልለቀቃትም። የጫማዋን ክር ሳታስር ከቤት ትወጣለች፤ ፈተና ላይም ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ መልሱን ታከብባለች።

አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣ የምትታገላት ከስኳር ጣሳ የማትበልጥ ነጭ ማጫወቻ ናት። ካሴት አትጎርስ፣ ሲዲ አትውጥ፤ ዘፈኑን በቤቱ ዋይፋይ ከኢንተርኔት እየሳበች ታሰማለች። ሳጥኗ ላይ «ለአጠቃቀም ቀላል» ተብሎ ተጽፏል። መጀመሪያ ስልክ ላይ አፑን መጫን፣ ቀጥሎ የማጫወቻዋን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ የዋይፋዩን ስም መርጦ የይለፍ ቃሉን መስጠት። ሲሳካ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ችኮላ ይህን ሁሉ ሦስት ጊዜ አድርጋለች፤ አረንጓዴ ግን የለም።

ማጫወቻዋን ሐሙስ ዕለት ገዝታ ያመጣችው እናታቸው ናት፤ ለአባቷ ብላ። ቤቱ ዝም ማለቱ ከብዷት ነበር። ድሮ ይህ ቤት ዝም ብሎ አያውቅም። አያትየው ጠዋት መርፌያቸው ላይ ክር ከማስገባታቸው በፊት ቴፑን ይከፍቱ ነበር፤ «ጠቅ» የሚለው የቁልፉ ድምፅ የችኮላ የጠዋት ደወል ነበር። ልብስ ሊለካ የመጣ ደንበኛ ካሴቱ እስኪገለበጥ ይቀመጣል። እሷም ትንሽ ሳለች የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ቁርጥራጮቹ ላይ ተኝታ፣ የአያቷ እግር መርገጫው ላይ ሲወጣና ሲወርድ እያየች፣ የዘፈኖቹን ተራ በቃሏ ይዛ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሴት አያቷ ሞተች። እማማ ይሏት ነበር፤ አንቺ እንጂ አንቱ የሚላት አልነበረም፤ አንቱ ያላትን ታኮርፈው ነበር። ቴፑ ከዚያም በኋላ ትንሽ ተጫውቷል። ከስድስት ወር በፊት ግን እሱም ድንገት ቆመ። አያቷ «አርጅቷል፣ እንደኔው» ብለው ተዉት። የባሰ ነገር ይጠግኑ የነበሩት እሳቸው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱት ቀሩ።

እናታቸው ማጫወቻዋን ስትሰጣት አንድ አደራ ጨምራ ነበር። «መደርደሪያው ላይ ቦታ የለም። አባዬን ጠይቂያቸው። እሺ ካሉሽ ቴፑንና ካሴቶቹን ቅዳሜ ለዕቃ ሰብሳቢው እንሰጣለን።» ችኮላ ልትጠይቃቸው አስባ ነበር። መጀመሪያ የስፌት መኪናው እየሰራ ነበር፤ ከዚያ እራት ላይ ነበሩ፤ ከዚያ አንቀላፍተው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራችው «አይሆንም» እንዳይሏት ነው። ትናንት ማታ እናቷ «ጠየቅሻቸው?» ስትላት ከአፏ የወጣው «አዎ፣ እሺ ብለዋል» ነበር። ዛሬ ጠዋት አያቷ ሲታጠቡ ሁሉንም በካርቶን ሞልታ ከግቢው በር ውጭ አስቀመጠችው። ታጥበው ወጥተው «ቴፑስ?» ሲሏት «ቦታ ቀይሬለት ነው» አለች። ውሸት አይደለም ብላ ራሷን አጽናናች፤ ደጅም ቦታ ነው።

«የይለፍ ቃሉን በደንብ አስገብተሻል?» አለች እናቷ ከማድ ቤት።

«ይሄን ቃል ማን ይስታል እማዬ!»

እውነቷን ነው። ኢንተርኔቱን ያስገባው ቴክኒሻን «የማትረሱት ቃል ስጡኝ» ሲል ቤተሰቡ ባንድ አፍ «ወተቱ ገነፈለ!» ብሎት ነበር። ሰውዬው ያሾፉበት መስሎት ፊታቸውን አየ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ራውተሩ ጀርባ ላይ ለጠፈው። ዋይፋይ የለመነ እንግዳ ሁሉ ይስቃል።

ችኮላ ስልኩን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ፣ አሁን ገና ቀስ ብላ አነበበች። ራውተሩ የሚያሰራጨው አንድ ስም ሳይሆን ሁለት ነው። «ሰፊው ቤት» እና «ሰፊው ቤት ፈጣኑ»። ስልኳ የተያያዘው ከፈጣኑ ጋር ነው። አፑ ግን ከታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ «ማጫወቻው ከፈጣኑ መስመር ጋር አይሰራም» ይላል። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር የተጻፈው።

«ፈጣኑን ትቼ በዝግታው ልሞክር» አለች።

«ለመጀመሪያ ጊዜ» አሉ አያቷ።

ስልኳን ወደ ሌላው ስም ቀየረች፣ ቁልፉን ተጭና ያዘች፣ ቃሉን አስገባች። ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፤ ከዚያ አረንጓዴ። ማይክ እንዲህ ጮኸ፦ «ገባችችች!» ከውጭ አንድ ውሻ መለሰለት።

«አባባ፣ ምን ልክፈትልዎት?»

አያቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ። «ያን የሳክስፎኑን ነዋ።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ዘፋኙንም ዘፈኑንም ፈልጋ ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። አያቷ ያን ዘፈን ከሬዲዮ ለመቅዳት ስንት ሳምንት እንደጠበቁ ስትሰማ ነው ያደገችው።

ዘፈኑ ጀመረ። እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምተውት አያውቁም። ካሴቱ ላይ «ሽሽሽ» እያለ አብሮት የሚዘንበው ዝናብ የለም። አያቷ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። እናቷ እርጥብ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሁለተኛው ግጥም አለቀ፤ ሳክስፎኑ ገባ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። እዚህ ጋ ትንሽ ዝምታ አለ። ማይክ ደረቱን በአየር ሞላ።

«ወተቱ! ወተቱ ገነፈለ!»

ዘፋኙ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

እነሱ ቤት ያለው ካሴት ላይ እዚህ ቦታ ላይ እማማ አለች። ዘፈኑ ሲቀዳ ወጣት ነበረች፤ ሳክስፎኑ ዝም ሲል «ወተቱ! ወተቱ ገነፈለ!» ትላለች፤ አንድ ወጣት ወንድ በቁጣ «እስ!» ይላታል፤ ከዚያ የነጠላ ጫማ ሩጫና የድስት ክዳን ኳኳታ ይሰማል። ችኮላ ሰባት ዓመት እስኪሞላት የዘፈኑ አካል ይመስላት ነበር። የወላጆች ቀን ላይ የሙዚቃ መምህሩ ያንኑ ዘፈን ሲያሰሙ፣ ከሰልፉ መሃል እሷ ብቻ ትክክለኛውን ቦታ ጠብቃ «ወተቱ ገነፈለ!» ብላ ጮኻለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እያለቀሰች ቤት ስትገባ እማማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና «እኔም ዘፋኝ ሆንኩ በይኛ!» ብላ አቀፈቻት።

«እማማን ሰረዟት እንዴ?» አለ ማይክ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አልሰረዟትም፣ የኔ ልጅ» አለች እናቱ። «መጀመሪያም እዚያ ውስጥ አልነበረችም።»

ዘፈኑ አለቀ። አያትየው የጀመሩትን እጅጌ አገላብጠው አዩትና አስቀመጡት። «ጥራቱ ግሩም ነው። እጅሽ ይባረክ» አሉ። ከዚያ፣ ነገሩን ቀለል ለማድረግ እየሞከሩ፣ «ችኮላ፣ እስኪ ካሴቷን አምጪልኝ። ባትጫወትም ልያዛት» አሏት።

ችኮላ ከወለሉ ተነሳች። እናቷ ቀስ ብላ ወደሷ ዞረች። ከውጭ የጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማል። «እፈልጋታለሁ» ማለት ትችል ነበር። «የሆነ ቦታ አስቀምጫት ጠፋችኝ» ማለትም ይቻላል። እናቷ አፏን ለመክፈት ስትዘጋጅ አየችና ቀደመቻት።

«አልጠየቅኩዎትም» አለች። «እማዬን እሺ ብለዋል ያልኳት እኔ ነኝ። ዋሽቻት ነው። ካርቶኑ ደጅ ነው።»

መልስ አልጠበቀችም፤ ሮጠች። ከግቢው በር ውጭ ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራው አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ጋሪው ከመታጠፊያው ሊሰወር ነው። የጫማዋ ክር እንደተለመደው አልታሰረም፤ ሁለቴ ተደናቅፋ ደረሰችበት። ቴፑ እግሩ በተሰበረ ወንበርና በተሰነጠቀ መታጠቢያ ሳፋ መሃል ተወትፎ አየችው።

«የኔ እህት፣ የማይፈለግ ብላችሁ ያወጣችሁትን ነው የጫንኩት» አለ ዕቃ ሰብሳቢው፣ ጋሪውን አቁሞ።

«የሚፈለግ ነው። ባለቤቱ ሳይጠየቅ ነው የወጣው።»

«ማነው ባለቤቱ?»

«አያቴ።»

ሰውዬው ቁልቁል እግሯን፣ ሽቅብ ፊቷን አየ። ያየው ነገር ሳይበቃው አልቀረም፤ ካርቶኑን አውርዶ፣ ከስሩ እንዳይቀደድ በሲባጎ አስሮ አሸከማት። «ጫማሽን እሰሪ። አሁን ብትወድቂ እግርሽንም ቴፑንም ነው የምትሰብሪው» አላት። አሰረች። ከባድ ነበር፤ ወደ ቤት ስትመለስ እያንዳንዱን እርምጃ አይታ ረገጠች።

አያቷ ጠረጴዛቸውን ጠርገው ይጠብቋት ነበር። ካርቶኑን ሲከፍቱ ዓይናቸውን ወደሷ አላነሱም። ካሴቶቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ የፈለጓትን ሲያገኙ በአውራ ጣታቸው አቧራዋን ጠረጉ።

«ብትጠይቂኝ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ውሰዱት ነበር የምለው። የተበላሸ ዕቃ ቤት ለምን ያጣብባል ብዬ።»

«እንግዲያው…»

«እንግዲያው የለም። እሺ የምለውንም ቢሆን፣ የምለው እኔ ነኝ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ችኮላ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ አባባ» አለች፤ ቀጥላም ወደ እናቷ ዞራ «ይቅርታ እማዬ» አለች። እናቷ «በኋላ እንነጋገራለን» ብላ ፊቷን አልፈታችም፤ ግን ወደ ማድ ቤትም አልተመለሰችም።

አያቷ የስፌት መኪናቸውን ትንሿን ጠመንጃ መፍቻ አነሱና የቴፑን ጀርባ ፈቱት። ካሴቱን የሚያዞረው ቀጭን ጎማ ቀልጦ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ፤ በራሳቸው የተናደዱ ይመስላሉ። «ስድስት ወር ሙሉ ይሄ ብቻ!» መሳቢያቸውን ከፍተው ሱሪ ወገብ ላይ የሚገባውን ቀጭን ላስቲክ አወጡ፤ ለኩት፣ ቆረጡት፣ ጫፍና ጫፉን ሳይደራርቡ በእጅ መርፌ ገጥመው መስፋት ጀመሩ። «የሰው ሱሪ የያዘ ላስቲክ አንድ ካሴት አያቅተውም» አሉ።

ማይክ ሳቀ። እናቱም ሳትፈልግ ሳቀች።

«አባባ» አለች ችኮላ ቀስ ብላ፣ «ሲጫወት በስልኬ ልቅዳው? ከዚያ ማጫወቻዋ በፈለጉ ሰዓት ታሰማዎታለች። ካሴቷንም ቴፑ አይበላትም።»

«በምን ገመድ ታገናኚዋለሽ? ይሄ ቴፕ ማውጫ ቀዳዳ የለውም።»

«ስልኩን ስፒከሩ ፊት አድርጌ፤ በአየር።»

አያቷ መርፌያቸውን አቆሙ። «እኔም እንደዚያው ነበር ያደረግኩት» አሉ። ከዚያ ችኮላ አሥር ጊዜ የሰማችውን፣ ግን ጨርሰውላት የማያውቁትን ታሪክ ነገሯት። መቅጃውን በርጩማ ላይ አድርገው፣ እንዳይንቀጠቀጥ የደንበኛ ኮት አጣጥፈው ከስሩ አንጥፈው ነበር። እማማን «እንዳትንቀሳቀሺ፣ እንዳትተነፍሺም» አሏት። እሷ ደግሞ ያኔ ጡጦ ለምትጠባው ለችኮላ እናት ወተት ጥዳ ነበር።

«ሁለት ግጥም ሙሉ ቻለች» አሉ። «እያየችው ሲገነፍል፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቻለች። ከዚያ አቃታት። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ለአንድ ዘፈን! በሳምንቱ ያንኑ ዘፈን ሬዲዮ ደግሞ ለቀቀው። ቴፑን አዘጋጅቼ፣ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልተጫንኩትም።»

«ለምን?»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «የፊተኛው ላይ እሷ ነበረቻ» አሉ።

ላስቲኩ ቦታው ገባ። ችኮላ በርጩማውን አምጥታ ስፒከሩ ፊት አደረገች፣ የተጣጠፈ ጨርቅ አነጠፈችበት፣ ስልኳን አስቀመጠች። እናቷ የማድ ቤቱን ምድጃ አጠፋች። ማይክ ሁለት እጁን አፉ ላይ ደራርቦ ሶፋው ጥግ ተቀመጠ። ችኮላ መቅጃውን አስጀመረችና ለአያቷ ራሷን ነቀነቀች።

ጠቅ።

ዝናቡ መጣ፤ ከዝናቡ ውስጥ ዘፋኙ መጣ። ላስቲኩ ትንሽ ስለሚጎትት ከእንቅልፉ ገና የተነሳ ይመስል ነበር። አንደኛው ግጥም። ሁለተኛው ግጥም። ሳክስፎኑ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ።

«ወተቱ! ወተቱ ገነፈለ!»

እማማ ነች። ሳሎኑ ውስጥ ነች።

«እስ!» አለ ያ ወጣት።

«ሂጂ፣ አውጪው» አሉ አያቷ፣ በለሆሳስ፣ ስፒከሩን እያዩ። «ግድ የለም። ሂጂ።»

ነጠላ ጫማው ሮጠ፤ ክዳኑ ኳኳ አለ። ዘፈኑ ቀጠለ። እናቷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። መጨረሻው አካባቢ ዘፋኙ እየዘገየ፣ እየወፈረ ሄደና ቆመ፤ ላስቲኩ ስፌቱ ላይ ተላቆ ነበር።

ያን ጊዜ አያቷ ያደረጉት ነገር ገባቸው። «ውይ!» አሉ፣ መላጣቸውን እየዳበሱ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄ ነው። ያኔ እሷን ዝም በይ ያልኩ ሰውዬ አሁን እኔው አበላሸሁት! ቆዩ፣ ሌላ ላስቲክ ልቁረጥና እንደገና እንቅዳው።» እጃቸው ወደ መሳቢያው ሄደ።

ችኮላ መቅጃውን ስታቆም ስልኩ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ወጣ። ችኮላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «በቅጂው መሃል ከሙዚቃው ውጭ የሆነ የሰው ድምፅ ተገኝቷል። ይጽዳ?» ይላል። ከስሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ «አጽዳ» እና «እንዳለ ይቀመጥ»። ጣቷ እንደልማዱ ቀድሟት ወደ አንደኛው እየሄደ ነበር። መሃል መንገድ ላይ አቆመችው።

ስልኩን ይዛ ተነሳችና አያቷ አጠገብ ተንበረከከች።

«አባባ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች፤ ጽሑፉንም ቀስ ብላ አነበበችላቸው።

አያቷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ስክሪኑን ቆይተው አዩት። «የማንን ድምፅ ነው የሚያጸዳው? የኔን ነው የሷን?»

«መለየት አይችልም። ሁለታችሁንም ነው።»

መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት። «እንግዲያው እንደዚሁ እንቆይ» አሉ። «አብረን።»

ችኮላ «እንዳለ ይቀመጥ» የሚለውን ተጫነች፤ በርጩማውንም አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው።